ጋሽ ታፈሰና የሰርጉ ቸርኬ

ጋሽ ታፈሰ ያልቧጨርኩትን ቸርኬ ቧጭሯል ብለው ለማይራራ ሰው አሳልፈው ሰጡኝ። ይህን መጀመሪያ ጽፌ ልገላገል። ከዚህ በታች ስለ እሳቸው ደግ ነገር መጻፌ አይቀርም፤ ደጉ ነገር ይህንን እንዳያስረሳኝ ነው ከላይ ያስቀመጥኩት።

መሞታቸውን የነገረኝ ድሮ ካዛንቺስ ከመጋዘናችን ደጃፍ ጫማ ይጠግን የነበረ ሰው ነው። ደወለና፣

"ጋሽ ታፈሰ አርፈዋል። ቀብሩ ነገ ነው" አለኝ።

"የትኛው ታፈሰ?" አልኩት፣ እያወቅኩ።

"አንተ ደግሞ! ስንት ታፈሰ ነው የምታውቀው?" ብሎ ዘጋው።

ስልኩን እንደያዝኩ ቆምኩ። አላለቀስኩም። ቀድሞ የመጣልኝ ሐሳብ "በቃ፣ እውነቱን የሚናገርልኝ ሰው ሞተ" የሚል ነው። ቀጥሎ የመጣው ፍርሃት ነው። ለምን እንደፈራሁ እንዲገባችሁ ከመጋዘኑ መጀመር አለብኝ።

ጋሽ ታፈሰ የሰው ትርፍ ጎማ ከነቸርኬው በአደራ የሚያስቀምጡ ሰው ነበሩ። ቸርኬ ጎማው የሚገጠምበት ብረት ነው፤ የማያውቅ ካለ ብዬ ነው። ካዛንቺስ፣ ከጣሊያን ዘመን ከቀሩት ግድግዳቸው ወፍራም ከሆነ ቤቶች ባንዱ ጓሮ፣ መስኮት የሌለው ረጅም ክፍል ተከራይተው ነበር። ዋና ደንበኞቻቸው የሰርግ መኪና አከራዮች ናቸው። የሰርግ መኪና በሰርግ ወራት የሚያብለጨልጭ ቸርኬ ይገጠምለታል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ ይቆማል፤ መኪናው ተራ ጥቁር ቸርኬ ይደረግለትና ለሥራ ክፍለ ሀገር ይወጣል። የሚያብለጨልጩት አራቱም፣ ከኋላ በር ላይ የሚሰቀለው ትርፉም፣ እኛ ስኮርታ የምንለው፣ እስከ ፋሲካ ጋሽ ታፈሰ ዘንድ ይተኛሉ። "ይተኛሉ" የእኔ ቃል አይደለም፤ የእሳቸው ነው። ጎማ ተሸክሜ ሳልፍ ትከሻዬ መደርደሪያ ከነካ፣

"ቀስ! ተኝቷል እኮ!" ይሉኝ ነበር።

አጭር፣ ቀጭን፣ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ የቀበሩ ሰው ናቸው። የሚለብሱት አዝራሩ ተቆርጦ የወጣ ሹራብ ነው። ቀበቶ አያደርጉም፤ ዘለበት ብረት ይቧጭራል ብለው ሱሪያቸውን በገመድ ያስራሉ። የጋብቻ ቀለበታቸውን እንኳ ጠዋት ሲገቡ አውልቀው በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ካለች ሚስማር ይሰቅሉታል። ሚስማሯ ልቅ ነች፤ ይዘው ሲስቧት ትወጣለች። አንድ ቀን በመዶሻ ላጠብቃት ስል "ተዋት! አትንካት!" ብለው ጮኹብኝ። ጮኸው የማያውቁ ሰው ስለነበሩ ገረመኝ።

ደንበኛ ሲመጣ "ሰዓትዎን ቢያወልቁልኝ" ይሉታል። አንዴ አንድ ወፍራም ሹፌር፣

"ጋሼ፣ ሱሪዬንስ?" አላቸው።

"ዘለበቱ ብረት ከሆነ እሱንም" አሉት፣ ሳይስቁ። ሰውዬው ቀበቶውን ፈትቶ፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ነው ጎማውን የተረከበው።

ጠላታቸው አሸዋ ነበር። "ድንጋይ አያስፈራህ። ድንጋይ ይታያል" ይሉኛል። "አንዲት ፍሬ አሸዋ ግን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከገባች፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር እየፈጨች ነው የምትሄደው። ስትፈታው ቸርኬው ድመት የቧጨረችው ፊት መስሎ ታገኘዋለህ።" ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ብርድ ልብስ እናጥባለን፣ እናራግፋለን፣ በእጃችን እየዳበስን አሸዋ እንፈልጋለን። ቸርኬው ታጥቦ ጠብታ እስኪያጣ ይደርቃል። ላስቲክ በቀጥታ አይለብስም፤ ያልበውና ያዥጎረጉረዋል። መጀመሪያ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከዚያ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ከማቀዝቀዣ ካርቶን በክብ የተቆረጠ ልክ። ብረት ከብረት ጋር ፊት ለፊት አይጋደምም፤ መሐሉ ስፖንጅ ይገባል። የታችኛው ሲሚንቶ አይነካም፤ ሳንቃ ላይ ነው የሚቀመጠው። መኪና ላይ ሲጫን ፍራሽ ይነጠፍለታል፤ ገመዱ በጎማው ላይ እንጂ በብረቱ ላይ አያልፍም። ማንከባለል ደግሞ ክልክል ነው። እንደ ሕፃን በሁለት እጅ ታቅፎ ነው።

የሚያስሩት ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ማሰሪያ ነው። ቋጠሯቸው ጫፍ የለውም፤ ጫፉ ዞሮ ከራሱ ሥር ይገባል። ስቦ የሚፈታው ሰው የለም። ከጎን በአውራ ጣት ገፋ ሲደረግ ብቻ ነው እሺ የሚለው። ከእሳቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። እኔንም ዓመት ሙሉ ዓይተው ነው ያስተማሩኝ።

"የሰው ቁስል ይድናል" ይሉ ነበር። "ጭረት አይድንም። ቀለም ትቀባዋለህ እንጂ አይድንም።"

እንደ እሳቸው የሚፈራ ሰው አላየሁም። በር ሳይንኳኳ "ማነው?" ይላሉ። ስልክ ሲጮህ ይቆማሉ። ደንበኛ የፈታንለትን ጎማ እስኪያይና "እሺ" እስኪል ድረስ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው የሚጠብቁት፤ ከሄደ በኋላ ነው ቁጭ የሚሉት። እኔም አብሬያቸው ስውል ፍርሃቱ ተጋባብኝ። ሰው ከሰው ጉንፋን እንደሚይዘው ማለት ነው።

ደግነታቸውን ልጻፍ። እኔ ከገጠር የመጣሁ፣ ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ከተማው ውስጥ አንድ ዘመድ የሌለኝ ሰው ነበርኩ። ቀበሌ ወስደው መታወቂያ ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። ጸሐፊዋ "በአደጋ ጊዜ ማን ይጠራ?" ስትል ዞር ብዬ አየኋቸው።

"እኔን ጻፊ" አሏት።

ከዚያ ስንወጣ ፈሩ። "አስማረ፣ አደራ አደጋ እንዳይደርስብህ። እኔን ነው የሚጠሩት" አሉኝ።

አቶ ብሥራት የሚባል ደንበኛ ነበራቸው። አንቱ አልለውም። ኡራኤል አካባቢ ግቢ ያለው፣ ነጫጭ የሰርግ መኪና የሚያከራይ ሰው ነው። ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚሰማው። አንድ ሹፌሩ የመኪና በር ግድግዳ ላይ ስላጋጨበት ጠርቶት "ና እስኪ ውስጥ እንነጋገር" አለው፣ ከዚያ ወዲህ ሹፌሩን በሰፈሩ ያየው የለም ይባል ነበር። ይባላል ነው፤ እኔ አላየሁም። ግን የእሱ ቸርኬ መጋዘን ሲገባ ጋሽ ታፈሰ ምሳ አይበሉም።

በዚያ ዓመት ጾሙ ሊገባ ሲል ቸርኬዎቹን አመጣ። አራቱን አብረን ጠቀለልን። ስኮርታው ላይ ስንደርስ መብራት ጠፋ። መስኮት የሌለው ክፍል ስለሆነ እጄንም አላየሁ። ጋሽ ታፈሰ በጨለማው ውስጥ፣

"አንተ ውጪ ያሰጣነውን ብርድ ልብስ ሰብስብ። ይህን እኔ እጨርሰዋለሁ" አሉኝ።

ወጣሁ። ሳልመለስ ጨርሰውት ጠበቁኝ።

ፋሲካ አለፈ፣ የዳግማይ ትንሣኤ ሰርግ መጣ። ቸርኬዎቹን በጠዋት ፈታን፣ ገጠምን፤ ስኮርታውን ሹፌሩ ቸኩሎ ራሱ ሰቀለው። እኔ በየቆሙበት አቧራ እንድጠርግ ጨርቅ ይዤ ከመኪናው ጋር ተላክሁ። የሙሽራዋ ቤት ቂርቆስ ነው። ድንኳኑ በር ላይ እየተጨፈረ፣ አክስቷ ከኋላ ስኮርታው ላይ ሪባን ልታስር መጣች። ጎንበስ አለችና ቀረች።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ምኑ እትዬ?" አለ አንዱ ሚዜ።

"ይኼ! የተጫረው!"

ሄጄ አየሁ። በሚያብለጨልጨው ፊት ላይ፣ መሐሉ ላይ፣ ትንሽ መስቀል ተጭሯል። ከሥሩ አንዲት ነጥብ አለች። በሚስማር የተሠራ ነው።

"መስቀል እኮ ነው እትዬ። መስቀል ደግሞ ምን ያስፈራል?" አለ ሚዜው።

"መስቀል በሚስማር? በሙሽራ መኪና? ነጥቧስ? ነጥቧን ንገረኛ!" ሪባኑን ጣለችው። "መተት ነው! ልጄን ሊያስሩብኝ ነው!"

"እትዬ በማርያም ቀስ ይበሉ፣ ካሜራው እየቀረጸ ነው።"

"ይቅረጻ! ማስረጃ ይሁነኝ!"

ጭፈራው ቆመ። ሙሽራዋ አልገባም አለች፤ በሚዜዎቹ መኪና ሄደች። የአቶ ብሥራት ነጭ መኪና አበባውን እንደለበሰ ባዶውን ቀረ። ሹፌሩ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ "እሺ ጌታዬ... እሺ ጌታዬ..." ሲል ዓይኑ እኔ ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አቶ ብሥራት ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጋዘን መጣ። ሁለቱ በሩ ላይ ቆሙ።

"ጋሽ ታፈሰ፣ እንደምን ዋሉ?" አለ በዚያ በለዘበ ድምፁ። "ስኮርታውን የጠቀለለው ማን ነው?"

የጋሽ ታፈሰ እጅ ሹራባቸው ላይ የሌለውን አዝራር ይፈልጋል። በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

"እሱ ነው" አሉ።

"ጋሼ!" አልኩ። "መብራት ሲጠፋ እርስዎ አይደሉም እንዴ..."

"እሱ ነው አልኩ እኮ!" መሬት መሬቱን እያዩ ነው የሚናገሩት። "እኔ ዕድሜ ልኬን የሰው ቸርኬ አልጫርኩም። ሰፈሩ ይመስክር።"

አቶ ብሥራት ወደ እኔ ቀረበ። ሽቶው ይሸተኛል።

"ስለ ቸርኬው አልጠይቅህም። ቸርኬ ይገዛል" አለኝ። "ሥራዬ ላይ መተት ያሠራብኝን ሰው ነው የምፈልገው። ማን ላከህ?"

"ማንም አልላከኝም ጌታዬ።"

"መታወቂያ ይዘሃል?"

ሰጠሁት። ምን አደርጋለሁ? ከበሩ ሁለት ሰው ቆሟል። እያገላበጠ አነበበው። ከዚያ ፈገግ አለ።

"በአደጋ ጊዜ ተጠሪ፣ ታፈሰ... እርስዎ ነዎት እንዴ ጋሽ ታፈሰ?"

"ለቀበሌው ብዬ ነው" አሉ ጋሽ ታፈሰ። "ሥጋዬ አይደለም። አላውቀውም።"

አቶ ብሥራት መታወቂያዬን ኪሱ ከተተው። "ስሙን ይዘህ ስትመጣ ትወስደዋለህ" አለኝ። "ስሙን ሳትይዝ የትም ብትሄድ፣ ማን እንደሆንክ እዚህ ላይ አለ።"

ሰዎቹ ሲወጡ ጋሽ ታፈሰ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ቁልፉን ነበር የፈለጉት። ሰጠኋቸውና ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ከዚያ በኋላ የኖርኩትን ኑሮ ፍርሃት ከማለት በቀር ስም አላገኘሁለትም። የምከራያት ክፍል ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነበረች፤ ቅያሱ ጠባብ ስለሆነ መኪና ሁሉ ፍጥነቱን ይቀንሳል። መኪና ፍጥነቱን በቀነሰ ቁጥር የእኔ ልብ ይፈጥናል። ከነልብሴ እተኛለሁ። ነጭ መኪና ካየሁ ሱቅ እገባለሁ፤ ባለሱቁ "ምን ልስጥህ?" ሲለኝ የምለው ይጠፋኛል። ስም አምጣ ተብያለሁ፣ ስም የለኝም። አንዳንዴ አንዱን ጠላቴን ልጥራና ልገላገል ብዬ አስቤያለሁ። የምጠራው ጠላት እንኳ አልነበረኝም።

አዲስ መታወቂያ አውጣ ትሉኝ ይሆናል። ጠፋኝ ለማለት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ሰውዬው ከሶኝ ቢሆንስ እያልኩ የጣቢያውን አጥር እንኳ በሩቁ ነው የማልፈው። ያለ መታወቂያ ዘበኝነት አይቀጥሩህም፣ ሲም ካርድ አይሰጡህም፣ ቤት አያከራዩህም። ፍተሻ ካለ ከታክሲ ወርጄ በእግሬ እዞራለሁ። ሰው ከተማ ውስጥ እየኖረ እንደዚያ ይደበቃል ብዬ አላስብም ነበር።

ቂርቆስን ለቅቄ ጎተራ ኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ካለ ጎሚስታ ጎማ ጠጋኝ ሆኜ ገባሁ። መታወቂያ ያልጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። ማንበብ የተማርኩትም ያኔ ነው፣ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ። የዕውቀት ፍቅር ኖሮኝ አይደለም። ስሜ ያለበት ነገር ሰው ኪስ ገብቶ፣ እኔ ምን እንደሚል አለማወቄ አንገብግቦኝ ነው።

አንድ ቀን አንድ ሹፌር ጎማ ሊያስለጥፍ አመጣ። ጎማውን አውጥቼ ቸርኬውን ስገለብጠው፣ በጀርባው፣ ማንም በማያየው በኩል፣ ትንሽ መስቀል አየሁ። ከሥሩ አንዲት ነጥብ።

"ይህን ቸርኬ የት ነበር የምታስቀምጠው?" አልኩት።

"ካዛንቺስ አንድ ሽማግሌ ዘንድ። ምነው?"

"እንዲሁ ነው።"

ሌላም መጣ፣ እሱም እንደዚያው። ያቺ ልቅ ሚስማር ትዝ አለችኝ። ቀለበቱ የሚሰቀልባት። "ተዋት! አትንካት!" ያሉት። እዚህ ከተማ የመኪናው መስታወት እንዳይሰረቅበት የታርጋ ቁጥሩን የማያስጭርበት ሰው የለም፤ ንብረቱን ለማዳን ንብረቱን ይቧጭራል። ጋሽ ታፈሰም የአደራውን ቸርኬ ሁሉ ከጀርባው በኩል ይጭሩ ኖሯል። ጭረት አይድንም እያሉ የሰበኩኝ ሰው! በዚያ ጨለማ ደግሞ ጀርባው መስሏቸው ፊቱ ላይ ጫሩት።

አሁን ስም አለኝ። በማግስቱ ኡራኤል ሄድኩ። ራርቼላቸው ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ልናገርባቸው ነው የሄድኩት። ከአቶ ብሥራት ግቢ በር ስደርስ ዘበኛው አስቆመኝ።

"መታወቂያ።"

"መታወቂያዬ ውስጥ ነው" አልኩት።

"የት ውስጥ?"

"እዚህ ግቢ ውስጥ። አለቃህ ነው የያዘው። እሱን ልወስድ ነው የመጣሁት።"

"ወንድሜ፣ ሥራ ላይ ነኝ አትቀልድብኝ። ያለ መታወቂያ አይገባም።"

መለስ አልኩ። ታክሲ ተራው ጋ ስደርስ እፎይ ማለቴ ታወቀኝ። ስሙን ያልተናገርኩት በደግነት አይደለም። ፈርቼ ነው። እንደገናም አልሞከርኩም።

ከዚያ ካዛንቺስ ፈረሰ። ሰዉ ወደየአቅጣጫው ተበተነ፤ ጋሽ ታፈሰም ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው ሲባል ሰማሁ። አንዴ ብቻ አየኋቸው። ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፣ ኡራኤል ታክሲ ተራ። ልጃቸው ሰላማዊት ክንዳቸውን ይዛ ትመራቸዋለች። አንዱን እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ይዘዋል። ፊታቸው ወደ እኔ ነው። ሊጠሩኝ፣ ሊያስይዙኝ የመጡ መሰለኝ። ሰልፉን ጥሼ ወዴት እንደሚሄድ ያላወቅኩት ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

እንግዲህ ያ ጫማ ጠጋኝ ሲደውል የፈራሁት ይህንን ነው። አንድ ምስክሬ ሞተ። አቶ ብሥራት ሊቀብር ይመጣ ይሆናል ብዬ ቀብሩ ላይ አልተገኘሁም። በማግስቱ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ከድንኳኑ ውጪ የቆሙትን መኪኖች አንድ በአንድ ካየሁ በኋላ ነው የገባሁት። ሰላማዊት ስታየኝ ተነሣች።

"አስማረ? አስማረ ነህ? ና እስኪ ውጣ።"

ደረጃው ሥር ወሰደችኝ።

"አባዬ ዓይኑ እየጠፋ እንደነበር ታውቅ ነበር?"

"አላውቅም።"

"ለማንም አልተናገረም። 'ማየት ለማይችል ሰው ማን አደራ ይሰጣል' ይል ነበር። ድሮ አንድ ሰው 'ይህ የእኔ ጎማ አይደለም፣ ለውጠህብኛል' ብሎ አሳስሮት ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ነው ምልክት የሚያደርገው። በዚያ ቀን ደግሞ ፊቱና ጀርባው ተምታታበት።"

"አውቄያለሁ" አልኳት። "ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ሰውዬው የሚያውቀው እኔን ነው።"

አየችኝ። "ሰውዬው? ነገሩ እኮ አልቋል፣ አስማረ። ሄደን ነግረነዋል። አባዬ 'ውሰጂኝ' ብሎኝ፣ እጁን ይዤ ኡራኤል ድረስ። መንገዱን ሙሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። 'መስቀሉን የጫርኩት እኔ ነኝ፣ የምትፈልገው ስም የእኔ ነው፣ የልጁን መታወቂያ ስጠኝ' አለው።"

"እሱስ?"

"'የምን መታወቂያ?' አለ። ረስቶታል። ስልኩን እያየ ነበር። ከዚያ መሳቢያ ሳበ። አስማረ፣ መሳቢያው ሙሉ መታወቂያ ነው! የማን የማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። 'ፈልጊ' አለኝ። ፈልጌ አገኘሁት። በቃ።"

"በቃ?"

"በቃ። 'ስትወጡ በሩን ዝጉት' አለን።"

መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት። ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው አለችኝ። ያ ደረት ኪስ ላይ የተጫነ እጅ መጣብኝ። ታክሲ ውስጥ ዘልዬ የገባሁት ከራሴ መታወቂያ ሸሽቼ ነው።

"ለምን አልሰጡኝም?" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ከድንኳኑ ሰዎች ዞር አሉ። "እኔ እኮ እስከ ትናንት ድረስ ተደብቄ ነው የኖርኩት!"

"ፈርቶህ ነው።"

"እኔን?"

"አንተን። የምትሠራበትን አፈላልገን አግኝተን ነበር። ለመስቀል እንሄዳለን ይላል፣ ለገና ይላል፣ ቀኑ ሲደርስ ያመኛል ይላል። 'ፊቱን እንዴት አያለሁ?' ይለኛል። 'አባዬ፣ አታይም እኮ' እለዋለሁ። 'ቢሆንም' ይለኛል።"

ከቤት አምጥታ ሰጠችኝ። በቁራጭ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በውስጥ ጎማ ማሰሪያ ታስሯል። "ማንም ሊፈታው አልቻለም" አለችኝ። "በመቀስ ልቁረጠው ስለው 'አይቆረጥ፣ እሱ ይፈታዋል' ይል ነበር።"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጫፍ የሌለውን ቋጠሮ ከጎኑ በአውራ ጣቴ ገፋ አደረግኩት። ተፈታ። ብርድ ልብሱ ውስጥ ለስላሳ ጨርቅ ነበር። በጣቴ ዳበስኩት፤ አንዲት ፍሬ አሸዋ የለበትም።

መታወቂያው ጊዜው ካለፈበት ቆይቷል። አንድም ጭረት የለውም። ፎቶው ላይ ያለው ልጅ የሚፈራ አይመስልም። ሳወጣው ማንበብ አልችልም ነበር፤ አሁን ፊደል በፊደል አነበብኩት። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የቀን ሠራተኛ የሚለውን። ከታች፣ በአደጋ ጊዜ ተጠሪ የሚለው ጋ ደረስኩ። ስማቸው እዚያው አለ። የጸሐፊዋ እጅ ያምራል።

ይቅር አልኳቸው ብዬ አልጽፍም። ሥጋዬ አይደለም፣ አላውቀውም ያሉኝ ሰው ናቸው። ግን ወደ ድንኳኑ ተመልሼ ገባሁ፤ ሰልስቱ እስኪወጣም ከወንዶቹ ጋር ቁጭ አልኩ፤ ማን ነህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አሁንም ነጭ መኪና ፍጥነቱን ሲቀንስ ቀና እላለሁ። ያ አይድንም።